ጋሪ ፈረስ ይወዳደር፤ ውርርዱስ?

ሐረጎ ቁልቁለት፦ ሰላም የወሎ ልጆች። ትናንት ኮምቦልቻ አንድ ቤቲንግ ቤት ገብቼ ነበር። (ዝናብ ይዞኝ ነው፣ እመኑኝ።) አሥራ አምስት የሚሆን ጎረምሳ ስክሪን ላይ አፍጥጦ "ስድስት! ስድስት!" ይላል። የፈረስ ውድድር ነው። ፈረሱ ግን ኮምፒውተር የፈጠረው ነው። እበሩ ላይ ደግሞ እውነተኛ የጋሪ ፈረስ ጆሮውን ጥሎ ዝናብ ይወርድበታል። ዞር ብሎ ያየው የለም። ፈረንጆቹ እኮ የጋሪ ውድድር አላቸው። ሾፌሩ ባለሁለት ጎማ ቀላል ጋሪ ላይ ተቀምጦ ይነዳል። እኛስ ሜዳ ለይተን ብንጀምር? ውርርዱም በሕግ ይፈቀድና ብሩ እዚሁ ይቅር። ምን ትላላችሁ?

የአይጠየፍ ጎረቤት፦ ደግፌያለሁ! የወሎ ፈረሰኛ ነው እኮ አድዋ የዘመተው። ንጉሥ ሚካኤል የሚጠሩት በፈረሳቸው ስም አባ ሻንቆ ተብለው ነው። ፈረስ ደማችን ውስጥ አለ።

ቾክ በእጁ፦ የአድዋው ፈረስ ኦድ (የውርርድ ተመን) አልነበረውም ወንድሜ።

የአይጠየፍ ጎረቤት፦ 😂 እሺ። ግን ሆንግ ኮንግን ተመልከት። ውርርዱን የያዘው ጆኪ ክለብ ለትርፍ አይሠራም። የሚተርፈው ለሆስፒታል፣ ለትምህርት ቤት ይሄዳል። መንግሥትም ከሱ ብዙ ግብር ይሰበስባል። ልጆቹ እንደሆነ መቁረጣቸው አልቀረ። ለኮምፒውተር ፈረስ ከሚበሉ ለጎረቤታቸው ጋሪ ነጂ ቢበሉ አይሻልም?

ቾክ በእጁ፦ ሒሳብ አስተማሪ ነኝና ታገሱኝ። የፈረስ ውርርድ በብዙ አገር የሚሠራው በአንድ ድስት ነው። እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ ፓሪስ ውስጥ ጆሴፍ ኦለር የሚባል ሰው ያመጣው ዘዴ ነው። 100 ሰው 20 20 ብር አዋጣ እንበል። 2,000 ብር ሆነ። ቤቱ መጀመሪያ የራሱን ይቆርጣል። አሜሪካ እንደ ውርርዱ ዓይነት ከ15 እስከ 25 በመቶ ገደማ ነው። 20 በመቶ እንያዝ፤ 400 ብር ወጣ። ቀሪውን 1,600 ያገኙት ይካፈሉታል። 40 ሰው ካገኘ ለእያንዳንዱ 40 ብር ይደርሰዋል። ደስ ይላል። ግን ማንም ይብላ ማንም ይበላ ቤቱ 400 ብሩን ወስዷል። አሁን 100 ብር ያዝና የደረሰህን እያስያዝክ አሥር ዙር ተጫወት። በአማካይ የሚተርፍህ 11 ብር ገደማ ነው። ይህን ክፍል ውስጥ ሳስተምር አንዱ ተማሪዬ "ቲቸር፣ እርስዎ አማካይ ነዎት፣ እኔ ግን ዕድለኛ ነኝ" አለኝ። መልስ አጣሁ።

ሐረጎ ቁልቁለት፦ ልጁ አሸንፎሃል 😂

ኮቴ ሐኪም፦ የእንስሳት ሐኪም ነኝ። እኔን የሚያስፈራኝ የሰዉ ኪስ ሳይሆን የፈረሱ እግር ነው። ካሊፎርኒያ ሳንታ አኒታ በሚባለው ሜዳ እ.ኤ.አ. በ2019 ብቻ ከ30 በላይ ፈረሶች ሞተዋል። እነዚያ እንግዲህ ቶሮብሬድ ናቸው፤ ለግልቢያ ተመርጠው የተዳቀሉ፣ ሐኪም ከአጠገባቸው የማይጠፋ። በ2020 ደግሞ እዚያው አሜሪካ ከ20 በላይ ሰዎች ፈረስ አበረታች መድኃኒት ወግተዋል ተብለው ተከሰሱ። ከግልቢያውም ከጋሪውም ውድድር ነበሩበት። እንግሊዝ መሰናክል በሌለበት ውድድር አለንጋ ከ6 ጊዜ በላይ አይፈቀድም ብላ ዳኛ አቁማ ትቆጥራለች። እኛ ጋ ማን ነው የሚቆጥረው? ብር የተያዘበት ፈረስ አነከሰ ብሎ የሚያስቀር ባለቤት ካያችሁ አሳዩኝ።

የዳማ ልጅ፦ አባቴ ጋሪ ነጂ ነበር። ያደግሁት በጋሪ ነው። ዶክተሩ ያለው ልክ ነው፣ ግን የቤታችንን ልንገራችሁ። አባቴ ማታ ማታ የፈረሳችንን የዳማን ደረት በለብ ያለ ውሃና በጨው ያጥብ ነበር። ማሰሪያው የሚፈትገው ቦታ አለ። ፀጉሩ ረግፎ ቆዳው እንደ ጫማ ሶል ደርቋል። እዚያ ላይ አሮጌ ብርድ ልብስ አጥፎ ይደርብለታል። አንድ ቀን የሚያውቀው ሰው "ከእገሌ ፈረስ ጋር አሽቀዳድመው፣ 500 ብር አስይዣለሁ" አለው። አባቴ እምቢ አለ። ሰውዬው ሌላ ጋሪ አገኘ። ያ ፈረስ አስፋልት ላይ ወደቀ። ከዚያ ወዲያ ጋሪ አልሳበም። ሰውዬው ስለ 500 ብሩ ሲጨቃጨቅ ግን ሰምቻለሁ።

ቧንቧ ውሃ፦ ያረቢ። እኔ እንደ ሙስሊም ልናገር፤ ኡስታዝ አይደለሁም። ፈረስ ማወዳደር ሐራም አይደለም። ነቢዩ ሰ.ዐ.ወ. ራሳቸው አወዳድረዋል። ሽልማት በግመል፣ በፈረስና በቀስት ካልሆነ በቀር የለም የሚል ሐዲስም አለ። ሐራሙ ተመልካቹ ብር አስይዞ አንዱ የሌላውን መብላቱ ነው። ዱባይን እዩ። እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ የፈረስ የዓለም ዋንጫ ያዘጋጃሉ፣ ሽልማቱ 12 ሚሊዮን ዶላር ደርሷል። ሜዳው ላይ ግን የውርርድ መስኮት የለም።

የአይጠየፍ ጎረቤት፦ እህቴ፣ ዱባይ እኮ ሼህ አለው። ኮምቦልቻ ላይ ሽልማቱን ማን ይክፈል? ውርርዱ የገባው እኮ ለዚህ ነው። ሌላው አገር ሽልማቱን የሚከፍለው ተወራራጁ ነው።

ቾክ በእጁ፦ እዚህ ላይ እውነትህን ነው። ጥያቄው እሱ ነው።

ቧንቧ ውሃ፦ አንድ ኩንታል ገብስ ምን አነሰው? አዲስ የማሰሪያ ቆዳ፣ የዶክተሩ የዓመት ነፃ ሕክምና 😊

ኮቴ ሐኪም፦ ሳልጠየቅ ተመደብኩ? እሺ፣ አለሁ። ግን ውድድሩ የጋሪ ይሁን፤ ግልቢያ አይሁን። በጋሪ ውድድር ፈረሱ መጋለብ አይፈቀድለትም። ወይ ሶምሶማ ይሄዳል፣ ወይ እንደ ሰጋር በቅሎ የአንድ ጎን እግሮቹን አብሮ እያነሳ ይሰግራል። ግልቢያ ከገባ ሾፌሩ ይዞ ወደ ሶምሶማው መመለስ አለበት፤ ካልመለሰ ይሰረዛል። አስፋልት ላይ ከሆነ ግን እኔ የለሁበትም። አፈር ሜዳ ፈልጉ።

ሐረጎ ቁልቁለት፦ እኔ ክርክሩን የከፈትኩት ለውርርዱ ነበር። አሁን ገብስ ላይ ደረስን። አብሽሩ፣ እኔም ግማሽ ኩንታል አለሁበት። ውርርዱን ግን ብትከለክሉትም ከሜዳው ጀርባ በስልክ መቆረጡ አይቀርም። ይህንን ማን ያስቆማል?

ቾክ በእጁ፦ ማንም። ግን በድብቅ የሚደረገውንና ቢሮ ከፍቶ ማይክ ይዞ የሚጠራውን አንድ አታድርገው።

የዳማ ልጅ፦ ዳማ አሁን 19 ዓመት አልፎታል። ጋሪ ካቆመ ቆየ፣ ቤት ነው ያለው። ግልቢያ የሚባለውን ረስቶታል፣ ሶምሶማውን ግን ገና አልረሳም። ዶክተሩ ባለው ሕግ ከሆነ የሚሰረዝ አይመስለኝም። ባዶ ጋሪ አስሬ ለሰላምታ አንድ ዙር አመጣዋለሁ።

ሐረጎ ቁልቁለት፦ በዳማ ላይ ሃምሳ ብር!

ቧንቧ ውሃ፦ ሐረጎ!!!