የእማዬን የለንደን የሕክምና ማስረጃ እንዴት ላስመጣ?

ወገኖች፣ ግራ ገብቶኛል። እማዬ እህቴን ልትጠይቅ ለንደን ሄዳ ልቧን ታመመችና ስቴንት (የጠበበ የልብ ደም ሥር ከፍቶ የሚይዝ ትንሽ ቱቦ) ገባላት። አሁን ሐይቅ ተመልሳለች። የደሴው ሐኪም «የተሠራላትን ሳላይ መድኃኒቱን አልቀይርም» አለ። እውነቱን ነው።

እኛ ጋ ካርዱ ካርድ ክፍል ይቀራል፤ ራጁና የላብራቶሪው ወረቀት በፌስታል ከእኛ ጋር ይዞራል። እዚያ ሁሉም ኮምፒውተር ውስጥ ነው። የእንግሊዝ ሕግ ታካሚ ማስረጃውን ሲጠይቅ አብዛኛውን ጊዜ በ1 ወር ውስጥ፣ በነጻ ይሰጠው ይላል። እህቴ ስትጠይቅ ግን «የእናትሽ ፈቃድ የታለ?» አሏት።

እማዬ ደግሞ የምትፈርመው በጣት አሻራ ነው። ውክልና ሰነዶች ማረጋገጫ ሄደን እናስጸድቅ ወይስ ተራ ደብዳቤ ይበቃል? ወደ እንግሊዝኛስ ማን ይተርጉመው? የደረሰባችሁ ካላችሁ ንገሩኝ። ደም እንዳይረጋ የምትወስደውን መድኃኒት፣ ክሎፒዶግሬሉን፣ እንዳታቋርጥ አደራ ብያታለሁ፤ ይዛው የመጣችው ግን እያለቀ ነው።