ኦሊምፐስ ኤክስኤ ወይስ ሙ 2?

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ኪስ የሚገባ የፊልም ካሜራ ልገዛ ነው። ሁለቱም 35 ሚሊሜትር፣ ኤፍ 2.8 (ብርሃን የሚያስገባው ቀዳዳ ስፋት) ሌንስ አላቸው። ታዲያ ልዩነቱ ምንድን ነው? የማነሳው ሰው ነው፣ በብዛት ቤት ውስጥ። ፍላሽ አልወድም።

መልስ፦ ሁለቱም አሉኝ። ቁጥሩ አንድ ነው፣ ጠባያቸው ግን ለየቅል። ኤክስኤ የ1979 ልጅ ነው። ፎከሱ በእጅ ነው፤ ከሌንሱ ሥር ያለችውን ትንሽ ዘንግ ገፋ እያደረግክ በመመልከቻው የሚታዩትን ሁለት ምስሎች ታጋጥማለህ። አፐርቸሩን፣ ማለትም የቀዳዳውን ስፋት፣ ራስህ ትመርጣለህ፤ የመዝጊያውን ፍጥነት ካሜራው ይጨርሳል። በ2.8፣ ቀዳዳው በሰፊው ተከፍቶ፣ ስታነሳ የፎቶው ማዕዘኖች ጨለም ይላሉ። እኔ እንዲያውም ደስ ይለኛል፣ ፊቱን ያጎላዋል። ሙ 2 ሁሉንም ራሱ ይወስናል። ደግሞ ክዳኑን በከፈትክ ቁጥር ፍላሹ ራሱ ወደሚበራበት አውቶ ይመለሳል! እናቴ ቡና ስትቀዳ ስንቴ ዓይኗን አስጨፍኖብኛል። ላንተ ኤክስኤ።

ሌላ መልስ፦ እኔ አልስማማም። ልጅ ሲሮጥ በኤክስኤ ምስል እስክታጋጥም ልጁ በር ወጥቷል። ሙ 2 በአንድ እጅ ከፍተህ ትጫናለህ፣ ካፊያም አይበግረውም። ዋጋው ግን አብዷል፣ ለፕላስቲክ!

ጠያቂ፦ ባትሪ ቢያልቅስ?

መልስ፦ ሁለቱም ያለ ባትሪ አያነሱም። ለኤክስኤ ሁለት የኤልአር44 ቁልፍ ባትሪ ይበቃዋል፣ ርካሽ ነው። ያለ ባትሪ የሚሠራ ካሻህ ሮላይ 35 የሚባል ካሜራ አለልህ፤ ርቀቱን ግን በዓይንህ መገመት አለብህ። ቤት ውስጥ፣ ሌንሱ በሰፊው ተከፍቶ፣ ጥርት ብሎ የሚወጣው ርቀት ስለሚጠብ ያ ግምት ከባድ ነው።