የቆየ የጭቃ ቤት ልጅ ከመወለዱ በፊት ለማደስ፦ ከየትኛው ሥራ ይጀመራል?

ጥያቄ፤ ከሽሮ ሜዳ

ጤና ይስጥልኝ። ከሽሮ ሜዳ ከፍ ብሎ፣ በእንጦጦ ግርጌ በሚገኝ ሰፈር ከወላጆቼ የወረስኩት ባለ አራት ክፍል የጭቃ ቤት አለኝ። ቤቱ ከአብዮቱ በፊት የተሠራ ሲሆን፣ ወላጆቼ ካረፉ በኋላ ተከራይ ሲፈራረቅበት ቆይቶ ባለፈው ጥር ባዶውን ቀርቷል። ባለቤቴ የመጀመሪያ ልጃችንን አርግዛ አምስተኛ ወሯን ይዛለች፤ የመውለጃ ጊዜዋም ሐምሌ አጋማሽ ላይ እንደሚሆን ተነግሮናል። አሁን ያለንበት ቤት የኪራይ ውል የሚያበቃው በሰኔ መጨረሻ ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት የወላጆቼን ቤት አድሰን ለመግባት አስበናል።

የቤቱ ሁኔታ የሚከተለው ነው። በተራራው በኩል ያለው የኋላ ግድግዳ ከጎረቤት ግቢ ዝቅ ብሎ ስለተሠራ፣ በክረምት ከላይ የሚመጣው ውሃ ሥሩ ይተኛል፤ ከውስጥ በኩል እስከ ጉልበት ድረስ እርጥበቱ ይታያል። ቀደም ሲል የነበረ ተከራይ ይህንኑ ግድግዳ በሲሚንቶ አስለስኖት ነበር፤ ልስኑ ግን አሁን አብጦ ሲያንኳኩት ባዶ ድምፅ ይሰጣል። ቆርቆሮው በሚስማሮቹ ዙሪያ ዝጓል። የመኝታ ቤቶቹ ኮርኒስ አቡጀዲ ሲሆን ረግቧል፤ ከላዩም አይጥ ይሯሯጥበታል። በሮቹ፣ መስኮቶቹና የግድግዳው የታችኛው ክፍል ከዓመታት በፊት በአረንጓዴ ዘይት ቀለም በተደጋጋሚ ተቀብተው አሁን ቀለሙ እየተቀረፈ ነው።

ያነጋገርኳቸው ሁለት ግንበኞች ፈጽሞ የተለያየ ሐሳብ ሰጡኝ። አንደኛው ግድግዳውን ሁሉ የዶሮ ሽቦ አልብሶ እንደገና በሲሚንቶ መለሰን ይበቃዋል ሲል፣ ሁለተኛው አፍርሰን በብሎኬት እንሥራው ይላል። ያለን ገንዘብ ሁሉንም ለመሥራት አይበቃም። ከየትኛው ሥራ መጀመር እንዳለብንና ባለቤቴ በሥራው ጊዜ እየመጣች መከታተሏ ጉዳት እንዳለው የምታውቁ ብትመክሩኝ ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው።

መልስ፤ በግንባታ ሥራ ላይ ካለ መሐንዲስ

እንኳን ደስ ያላችሁ። ከዘረዘሩት ጉድለት አብዛኛው የውሃ ሥራ ስለሆነ፣ ግድግዳውን ከመንካትዎ በፊት ውሃውን ከቤቱ ማራቅ ይኖርብዎታል። ከኋላው ግድግዳ አንድ ሜትር ያህል ራቅ ብሎ፣ ከቤቱ ወለል ዝቅ የሚል ቦይ ያስቆፍሩ። በየሜትሩ ቢያንስ አንድ ሴንቲሜትር ተዳፋት ተሰጥቶት በድንጋይ ቢገነባ ውሃው ሳይተኛ ይወርዳል። ግድግዳውን ተጠግቶ መቆፈር የመሠረቱን ድንጋይ ሊያናጋ ስለሚችል አልመክርም፤ ቦታው ጠባብ ከሆነ ከላይኛው ጎረቤትዎ ጋር ተነጋግሮ ቦዩን በድንበሩ ላይ በጋራ ማሠራት ይሻላል። ውሃው በመጨረሻ የሚወርድበትንም አስቀድመው ይወስኑ፤ በእንጦጦ ሥር ባሉ ሰፈሮች ከጎረቤት ጋር ከሚያጣሉ ነገሮች ዋነኛው ወደ ታችኛው ግቢ የተለቀቀ ጎርፍ ነው። ጣሪያው አሸንዳ ከሌለው በዚሁ ጊዜ ይግባለት። የዛጉት ቆርቆሮዎችም በልጉ ሳይበረታ አሁኑኑ መቀየር አለባቸው፤ ጣሪያው እያፈሰሰ ከሥሩ የሚሠራ ሁሉ ከንቱ ነው።

ስለ ሲሚንቶው ልስን፣ የመጀመሪያው ግንበኛ የነገረዎትን አይቀበሉ። ጭቃ እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰበሰባል፤ ሲሚንቶ ግን ግትር ስለሆነ አብሮት አይንቀሳቀስም። በመካከላቸው ክፍተት የሚፈጠረው በዚህ ምክንያት ነው። ከዚህ የከፋው ደግሞ ከመሬት የሚሳበው እርጥበት በሲሚንቶው በኩል መውጫ ሲያጣ በግድግዳው ውስጥ ታምቆ የቋሚውን እንጨት ሥር ማበስበሱ ነው። የዶሮ ሽቦ ልስኑን ለጥቂት ዓመታት ይዞ ያቆየው ይሆናል እንጂ እንጨቱን አያድነውም።

ስለዚህ ያበጠውን ልስን አስነስተው ቋሚዎቹን አንድ በአንድ ከመሬት አጠገብ በካቻቢቴ ይውጉ። ብረቱ ያለ ችግር ጣት ያህል ከገባ እንጨቱ በስብሷል፤ አለዚያም ምስጥ በልቶታል። የተጎዳውን ክፍል ለማደስ ከላይ ያለው ማገርና ጣሪያ በድጋፍ እንጨት ይያዛል፤ የበሰበሰው የቋሚ ሥር ይቆረጣል፤ ከዚያም ከመሬት 50 ሴንቲሜትር ያህል ከፍ የሚል የጥቁር ድንጋይ ግንብ ከሥሩ ይሠራለታል። ይህ በአንድ ጊዜ ከአንድ ሜትር ተኩል በማይበልጥ ርዝመት፣ ግንቡ እየጠነከረ ደረጃ በደረጃ የሚከናወን ሥራ ነው፤ ችኩል ግንበኛ ግድግዳውን በሙሉ ከፍቶ እንዳይተውብዎ ቆመው ያሠሩ። የኤሌክትሪክ መስመሩ የሚቀየረውና ኧርዝ (ኤሌክትሪክ ሲያፈተልክ ወደ መሬት የሚያወርደው ሽቦ) የሚገባውም ግድግዳው ክፍት ሳለ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው የጭቃ ምርጊት ነው። ጭቃው ከጤፍ ጭድ ጋር ተረግጦ ለጥቂት ቀናት መቡካት አለበት። የመጀመሪያው ምርጊት ደርቆ ከተሰነጣጠቀ በኋላ ሁለተኛው በስሱ ይደረብበታል፤ በላዩም አንድ እጅ ኖራ ከሦስት እጅ የተነፋ አሸዋ ጋር ተደባልቆ ይለሰናል። የኖራ ልስን እርጥበትን ስለሚያስወጣ ለጭቃ ይስማማዋል። ኖራ ዓይንና ቆዳ ያቃጥላልና ሠራተኞቹ ጓንትና መነጽር ያድርጉ።

ሁሉም ክፍል ይድረስ ብለው አይጨነቁ። እናትና ልጅ የሚተኙበትን አንድ ክፍል፣ ቦዩንና ጣሪያውን ካጠናቀቁ ለዚህ ክረምት ይበቃል፤ የቀረው ከመስቀል በኋላ ሊቀጥል ይችላል። ውሃ ያለበት ሥራ ሁሉ እስከ ሚያዝያ መጨረሻ አልቆ ግንቦት የመድረቂያ ጊዜ ቢሆን መልካም ነው። ሰኔ ከገባ ምርጊት አይደርቅም።

መልስ፤ ከአንድ የቤት ባለቤት

ከላይ የተሰጠውን ምክር አከብራለሁ፤ ነገር ግን ሃምሳ ዓመት ባለፈው ጭቃ ላይ ገንዘብ ማፍሰስ አይታየኝም። ምስጥ አንዴ ከገባ አይወጣም፤ ዛሬ የተጠገነው ከጥቂት ዓመታት በኋላ መልሶ ይጠየቃል። አቅሙ እስኪገኝ በኪራይ ቤት ታግሶ፣ አንድ ጊዜ በብሎኬት ሠርቶ መገላገል ይሻላል እላለሁ።

መልስ፤ ከመሐንዲሱ

ጊዜና ገንዘብ ላለው ሰው ሐሳቡ አግባብ ነው። ሆኖም አፍርሶ መሥራት አዲስ ግንባታ ስለሆነ ፕላንና የግንባታ ፈቃድ ይጠይቃል፤ ፈቃድ ደግሞ ካርታ ይጠይቃል። ጠያቂያችን ቤቱን በውርስ ያገኙት በመሆኑ፣ የወራሽነት ማረጋገጫ ከፍርድ ቤት ወጥቶ ካርታው ወደ ስማቸው ካልዞረ ጉዳዩ እስከ ሐምሌ ቀርቶ እስከ ሚቀጥለው ሐምሌም ላይቋጭ ይችላል። ለእድሳቱም ቢሆን አስቀድመው ወረዳውን ጠይቀው ፈቃድ ይያዙ፤ በዚያው አጋጣሚ ቦታው በመልሶ ማልማት ወይም በኮሪደር ልማት የተያዘ መሆን አለመሆኑን ያጣሩ። በቅርቡ ሊነሳ በሚችል ቤት ላይ ከጣሪያና ከቦይ ያለፈ ወጪ ማውጣት ተገቢ አይደለም።

መልስ፤ ከአዋላጅ ነርስ

ስለ ቤቱ አሠራር ባለሙያዎቹ ተናግረዋል፤ እኔ የምጽፈው ስለ ባለቤትዎ ነው። ልስን በሚነሳበት፣ ኮርኒስ በሚወርድበትና ቀለም በሚፋቅበት ጊዜ ወደ ግቢው ባይመጡ ይመረጣል። ከሁሉ በላይ ያሳሰበኝ የተቀረፈው አረንጓዴ ዘይት ቀለም ነው። በአገራችን በቀለም ውስጥ የሚኖረው እርሳስ (ሊድ የሚባለው መርዛማ ብረት) ከ90 ፒፒኤም፣ ማለትም ከሚሊዮን እጅ 90 እጅ፣ እንዳይበልጥ የሚገድበው ደንብ የወጣው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2018 ስለሆነ፣ ከዚያ አስቀድሞ የተቀባን ዘይት ቀለም እርሳስ እንዳለበት ቆጥሮ መጠንቀቅ ይሻላል። እርሳስ ከእናት ደም በእንግዴ ልጅ በኩል ወደ ጽንሱ ያልፋል። ከተወለደም በኋላ ሕፃን መዳህ ሲጀምር ወለል የነካ እጁን ወደ አፉ ስለሚወስድ አቧራውን ይውጣል፤ የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው ደግሞ ትንንሽ ልጆች የዋጡትን እርሳስ ከአዋቂ ከ4 እስከ 5 እጥፍ ይበልጥ ወደ ሰውነታቸው ያስገባሉ። የሚጎዳውም በዋነኛነት አእምሯቸውን ነው።

ስለዚህ ያልተቀረፈው ቀለም አይነካ፤ በላዩ ሌላ ቀለም ይቀባበት። የተቀረፈው በውሃ እየረጠበ ይፋቅ እንጂ በደረቁ በብርጭቆ ወረቀት አይፈተግ፤ በእሳትም አይቃጠል። በሮቹና መስኮቶቹ ተነቅለው ከቤቱ ውጪ፣ ከሥራቸው ላስቲክ ተነጥፎ ቢሠሩ ፍቅፋቂው ተሰብስቦ ይወገዳል። ወለሉ በመጥረጊያ ከመጠረግ ይልቅ በእርጥብ ጨርቅ ደጋግሞ ይወልወል፤ የሠራተኞቹም ሆነ የእርስዎ የሥራ ልብስ ከባለቤትዎ ልብስ ጋር አይታጠብ። አዲስ ቀለም ሲገዙ በጣሳው ላይ እርሳስ እንደሌለው የተጻፈበትን ይምረጡ፤ ለመኝታ ቤቱም ዘይት ቀለም ሳይሆን ውሃ ቀለም ይጠቀሙ።

አቡጀዲው በሚወርድበት ቀን ከላዩ የተከማቸው የአይጥ ኩስና አቧራ በአንድ ጊዜ ይዘረገፋል። ሠራተኛው አፍና አፍንጫውን ሸፍኖ፣ መስኮቶቹ ተከፍተው ይቆዩ፤ የወደቀው በውሃ በተበረዘ በረኪና ርሶ ጥቂት ከቆየ በኋላ ይነሳ።

ተጨማሪ ጥያቄ፤ ከጠያቂው

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ካርታው ወደ ስሜ ዞሯል፤ ስለዚህ ማፍረሱን ትተን በአንድ ክፍልና በጣሪያው ለመጀመር ከባለቤቴ ጋር ተስማምተናል። ሁለት ነገር ግን ግልጽ አልሆነልኝም። አናጢው ምርጊቱ ቶሎ እንዲደርቅ ሌሊት ሌሊት የከሰል ማንደጃ ክፍሉ ውስጥ እናስቀምጥ ይላል፤ ይህ ተገቢ ነው? ደግሞስ ግድግዳው ለቀለም መድረሱን በምን አውቃለሁ?

መልስ፤ ከሦስት ልጆች እናት

ማርያም በሽልም ታውጣት። አንድ ያልተነሳ ነገር አለና ልጨምር። የመጀመሪያ ልጅ ስለሆነ፣ የባለቤትዎ እናት በሕይወት ካሉና ቤታቸው የሚመች ከሆነ፣ በልማዳችን እዚያው ወልዳ ብትታረስ የሚነቅፋችሁ የለም፤ ቢያንስ እስከ ክርስትናው ድረስ፣ ወንድ ከሆነ አርባ፣ ሴት ከሆነች ሰማንያ ቀን ታገኛላችሁ። እርስዎም ሰኔ ላይ ሠራተኛ ከማጣደፍ ትድናላችሁ። አማትዎን ግን አስቀድመው ያማክሯቸው፤ በድንገት የሚነገር ነገር አይደለም።

በሚታደሰው ቤት ትረስ ካላችሁ ደግሞ ገንዘቡን ለሴራሚክና ለጂፕሰም አታውሉት። አራስ ሴት በሐምሌ ሌሊት ጭቃ እየረገጠች ግቢ አቋርጣ ሽንት ቤት መሄድ የለባትም፤ ከመኝታ ቤቱ እስከ ሽንት ቤቱ ድረስ ቢያንስ ጣሪያና ድንጋይ ንጣፍ ያለው መተላለፊያ፣ መብራትም ይኑር። ገንፎውና አጥሚቱ የሚሠራበት ማድ ቤት ጢሱን ወደ መኝታ ቤቱ መስኮት የሚልክ ከሆነ የጢስ መውጫው አቅጣጫ ይቀየር። ውሃ በየጊዜው ስለሚጠፋም ሮቶ ይግባ፤ የሕፃን ልብስ በየቀኑ ይታጠባል።

መልስ፤ ከአዋላጅ ነርስ

የከሰሉን ነገር በፍጹም አትቀበሉ። በተዘጋ ክፍል ውስጥ የሚነድ ከሰል የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ አናጢው ወይም ዘበኛው እዚያ ቢያድር በሕይወት ላይነሳ ይችላል። ከወሊድ በኋላም ብርድ ይገባል ተብሎ በርና መስኮት ተዘግቶ ማንደጃ አራስ ቤት ማስገባት የተለመደ ነው፤ ከአሁኑ ለቤተሰቡ ንገሩ። ቡናውም ከሌላ ክፍል ይፈላ። ለሙቀት ሕፃኑን በእናቱ ደረት ላይ ገላ ለገላ አስጠግቶ ከላይ መሸፈን፣ ጭንቅላቱንም ኮፍያ ማልበስ ይበቃል።

መልስ፤ ከመሐንዲሱ

በከሰል የተጣደፈ ምርጊት ውጪው ቀድሞ ደርቆ ውስጡ እርጥብ ስለሚቀር ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ ከሰሉ ለሥራውም አይጠቅምም። ቀን ቀን በርና መስኮቱን ከፍታችሁ ነፋስ ያድርቀው፤ ማታ ዝጉት። መድረቁን ለማወቅ ቁመቱም ወርዱም 50 ሴንቲሜትር የሆነ ብርሃን አሳላፊ ላስቲክ ቆርጠው፣ እርጥበት ይበዛበት በነበረው በታችኛው የግድግዳ ክፍል ላይ አራቱንም ጠርዝ በፕላስተር አሽገው ይለጥፉና አንድ ቀንና አንድ ሌሊት ያቆዩት። ላስቲኩ በግድግዳው በኩል የውሃ ጠብታ ከያዘ ውሃ ገና እየወጣ ነውና ቀለም ቀቢውን ለሌላ ሳምንት ቀጥረው ሙከራውን ይድገሙት።