አካል ጉዳተኞችን የምትወክል ሴት እንደራሴ በእኛ ምክር ቤት ልትኖር ትችላለች?

ጥያቄ (ከደሴ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። በልጅነቴ በያዘኝ ፖሊዮ ምክንያት በክራንች የምሄድ፣ በልብስ ስፌት የምተዳደር የደሴ ነዋሪ ነኝ። ባለፈው ምርጫ ድምፅ የሰጠሁበት ጣቢያ ዳገት ላይ ያለ አዳራሽ ስለነበር፣ አሥራ አንዱን ደረጃ የወጣሁት ክራንቼን ለማላውቀው ወጣት አስይዤ በእጄ እየተደገፍሁ ነው፤ መዳፌ ጭቃ በጭቃ ሆኖ ስለነበር ወረቀቱን ከመቀበሌ በፊት አንዷ አስፈጻሚ ሶፍት ሰጠችኝ። ሰዉ ሊያግዘኝ ተሽቀዳድሟል፤ በዚያ በኩል ቅሬታ የለኝም። በኡጋንዳ ፓርላማ ግን ለአካል ጉዳተኞች አምስት መቀመጫ እንዳለና ቢያንስ አንዱ የሴት እንደሆነ አነበብሁ። በእኛስ አገር ለዚህ የሚሆን የሕግ መንገድ ይኖር ይሆን?

መልስ (ከኮምቦልቻ)፦
እህቴ፣ ጠበቃ ነኝና ከሕጉ ልነሣ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 54 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባላት ቁጥር ከ550 እንዳይበልጥ ከደነገገ በኋላ፣ ከ20 የማያንሰውን መቀመጫ ለአናሳ ብሔረሰቦች ይለያል፤ ለአካል ጉዳተኛ የለየው የለም። አንቀጽ 41 ደግሞ መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችን ለማቋቋምና ለመርዳት ሀብት እንዲመድብ ያዛል። ቃሉን ልብ ይበሉልኝ፤ የሚናገረው ስለ መርዳት ነው እንጂ ስለ መወከል አይደለም። ስለዚህ የተለየ ወንበር የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ይጠይቃል። አንድ ፓርቲ አካል ጉዳተኛ ሴት በዕጩነት ላቅርብ ቢል ግን ዛሬም የሚከለክለው ሕግ የለም።

መልስ (ከወልድያ)፦
በጠበቃው ሐሳብ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፤ ወንበሩ ከመገኘቱ ይልቅ ወንበሩ ላይ የሚያስቀምጣት ማን ነው የሚለው ይበልጥ ያሳስበኛል። ኬንያ በ2010 እ.ኤ.አ. ባጸደቀችው ሕገ መንግሥት በሴኔቱ ለአካል ጉዳተኞች አንድ ወንድና አንዲት ሴት እንዲቀመጡ ብትወስንም፣ ስማቸውን የሚያቀርቡት ፓርቲዎች ናቸው። በኡጋንዳ ግን የሚመርጡት ከየአውራጃው የተወከሉ አካል ጉዳተኞች ራሳቸው ናቸው። ለሁለት የምርጫ ዘመን፣ እስከ 2021 እ.ኤ.አ. ድረስ፣ የሴቶቹን መቀመጫ የያዙት ሳፊያ ናሉሌ ጁኮ ተመልሰው የሚቆሙት በእነዚሁ መራጮች ፊት ነበር። ፓርቲ የሾማት ሴት ግን ተመልሳ የምትቆመው በሊቀ መንበሩ ፊት ነው፤ የዚህ ዓይነቷ እንደራሴ ለፎቶግራፍ ካልሆነ ለምን ትጠቅመናለች?

ዓይነ ስውር ተማሪዎችን ለዓመታት አስተምሬአለሁና ሌላም ስጋት አለኝ። በክራንች የሚሄድ፣ የማያይና የማይሰማ ሰው ችግራቸው የተለያየ ነው፤ አንዲት ሴት ብቻዋን ሁሉንም ልትናገርላቸው አትችልም። የሰው እጦት ግን ምክንያት ሊሆን አይገባም። በ2017 እ.ኤ.አ. ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ያገኙት ዓይነ ስውሯ የሕግ ባለሙያ የትነበርሽ ንጉሤ የዚሁ የወሎ፣ የሳይንት ተወላጅ ናቸው።

መልስ (ከኮምቦልቻ)፦
መምህር፣ ተቀብያለሁ። ስለ ደረጃው ግን ማሻሻያ መጠበቅ አያስፈልግም፤ የሕንፃ አዋጁ የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ ለአካል ጉዳተኞች አመቺ እንዲሆን ያስገድዳል። ለአዳራሹ ኃላፊ በጽሑፍ ያመልክቱ፤ ቅጂውንም ያስቀሩ።

ጠያቂዋ (ከደሴ)፦
ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። ማመልከቻውን ዛሬ ማታ እጽፋለሁ። ዕጩዎች ለቅስቀሳ ሲመጡም ሰፈራችንን የሚሰበስቡት እዚያው አዳራሽ ነውና፣ በሚቀጥለው ጊዜ ጥያቄዬን የማቀርበው ከደረጃው ሥር ሆኜ ነው፤ መልስ ያለው ወርዶ ይመልስልኝ።