ለዳቦ ቤት ማሽን ሐራጅ ይሻላል ወይስ ዝግ ጨረታ? ጥቆማዬ

ያገለገለ ኦቨንና ሊጥ ማቡኪያ በየት በኩል ልግዛ ብለህ ለጠየቅከው ወንድሜ፦ የገበያ ዋጋውን በደንብ የምታውቀው ዕቃ ከሆነ ዝግ ጨረታ ግባ፣ ካላወቅከው ሐራጅ ይሻልሃል።

ዝግ ጨረታ ላይ ዋጋህን ሞልተህ ፖስታውን አሽገህ ሳጥኑ ውስጥ ከከተትክ አለቀ። ሌላው ስንት እንደሞላ አታይም። ቀጣዩ ተጫራች 150,000 ሞልቶ አንተ 260,000 ብትሞላ ልዩነቱ ከኪስህ ነው። ሐራጅ ላይ ግን ሰው ሲጫረት ፊት ለፊት ታያለህ፣ ትንሽ በልጠህ ትወስዳለህ። ችግሩ እልህ ነው። ጣሪያህን ቤትህ ሆነህ ወስን፣ ካለፈ ተወው፣ ማሽን ሞልቷል።

ኤምባሲዎችና ዓለም አቀፍ ድርጅቶች ብዙ ጊዜ የሚሸጡት በዝግ ጨረታ ነው፤ ጄኔሬተር፣ ፍሪጅ፣ ኮምፒውተር፣ መኪና። አያያዛቸው ደህና ስለሆነ ለጄኔሬተር እነሱን አስቀድም። ግን ከቀረጥ ነፃ የገባ ዕቃ ከሆነ ቀረጡ ብዙ ጊዜ ገዢው ላይ ነው የሚወድቀው፣ ማስታወቂያው ላይ ያቺን መስመር ሳታነብ ዋጋ እንዳትሞላ። ባንኮች ደግሞ ብድሩ ያልተከፈለበትን መያዣ በሐራጅ ያወጣሉ፣ ከነሙሉ ማሽኑ የሚሸጥ ድርጅት ካገኘህ እዚያ ነው። አዲስ ዘመንና ሪፖርተር ጋዜጣ ላይ ተከታተል።

ከሁሉም በላይ አደራ የምልህ ዕቃውን ሄደህ እንድታይ ነው። «ባለበት ሁኔታ» ተብሎ የተሸጠ ማሽን ቤትህ ገብቶ አልሠራም ቢል የሚሰማህ የለም። መካኒክ ይዘህ ሂድ፣ የሚያስከፍልህ ከሚያድንህ ጋር አይወዳደርም። ኦቨኑ ጀርባ ላይ የተለጠፈችውን የብረት ጽሑፍ ፎቶ አንሳት፤ ስሪ ፌዝ (በሦስት መስመር ኤሌክትሪክ የሚሠራ) ከሆነና የተከራየኸው ቤት ሲንግል ፌዝ (ባለ አንድ መስመር) ከሆነ ኦቨኑን በነፃ ቢሰጡህም ቆጣሪ እስክታስቀይር ቆሞ ነው የሚጠብቅህ። ማቡኪያው ላይ ቀበቶውን እይ፣ ከማርሹ ሥር ዘይት ማንጠባጠቡን በእጅህ ዳስስ። ጄኔሬተር ከሆነ የዘይት መለኪያዋን ዘንግ ምዘዝ፣ ዘይቱ እንደ ወተት ነጣ ካለ ውሃ ገብቶበታል፣ ጥለኸው ውጣ።

ገንዘቡን ስታሰላ ያሸነፍክበትን ዋጋ ብቻ አትያዝ። ቫት ይጨምራል ወይ ብለህ ጠይቅ፤ 200,000 ብር ካሸነፍክና ቫቱ ለብቻ ከሆነ 30,000 ትጨምራለህ። ነቅሎ ማውጣት፣ ማስጫን፣ ማጓጓዝም ያንተ ነው። ለጨረታ ማስከበሪያ ያስያዝከው ሲፒኦ (ባንክ የሚያዘጋጅልህ የክፍያ ማዘዣ) ደግሞ ካሸነፍክ በኋላ በቀነ ገደቡ ካልከፈልክ ይወረሳል፣ ስለዚህ ቀሪው ብር እጅህ ላይ ሳይገባ «ይገኛል» ብለህ አትጫረት።

ለወንበር፣ ለጠረጴዛና ለመደርደሪያ ሁለቱንም ባትነካካ ይሻላል። ብዙ ጊዜ በሎት፣ ማለትም ብዙ ዕቃ አንድ ላይ ተጠቅሎ ነው የሚወጡት፣ ሦስት ደህና ወንበር ፈልገህ ሃያ ስብርባሪ ተሸክመህ ትመለሳለህ። ያገለገሉ ዕቃ ሻጮች ጋ ሄደህ መርጠህ ተከራክረህ ግዛ።

ዓይንህ ያረፈበት ማስታወቂያ ካለ እዚሁ ለጥፈው፣ የጨረታ ሰነዱን ከመግዛትህ በፊት አብረን እናነበዋለን።