የማዕድን ዝቃጭ ግድብን ማን፣ እንዴት ይቆጣጠር?

ጠያቂ፦

ጤና ይስጥልኝ። የማዕድን ማውጫዎችን የአካባቢ ጥበቃ ሰነዶች ማንበብ የሥራዬ አካል ነው፤ መሐንዲስ ግን አይደለሁም። ማዕድኑ ተፈጭቶ ከተለየ በኋላ የሚቀረው ደቃቅ ዝቃጭ ከውኃ ጋር ተደባልቆ በቧንቧ ወደ ማጠራቀሚያ ግድብ እንደሚላክ፣ ግድቡም ራሱ ብዙውን ጊዜ በዚያው ዝቃጭ እየተሠራ ከፍ እንደሚል ተረድቻለሁ። ያልገባኝ የቁጥጥሩ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2019 ብራዚል ውስጥ ብሩማዲኞ አጠገብ ተደርምሶ 270 ሰዎችን የገደለው ግድብ መለኪያ መሣሪያዎች ነበሩት፤ የመረጋጋት ምስክር ወረቀትም የተሰጠው ከጥቂት ወራት በፊት ነበር፤ ይባስ ብሎ ከ2016 ወዲህ አዲስ ዝቃጭ አይገባበትም ነበር። ይህ ሁሉ ተሟልቶ ከተደረመሰ የጎደለው ምን ነበር? የተሻለ መሣሪያ ነው፣ የጠነከረ ሕግ ነው ወይስ ሌላ?

ግድብ ሠሪ፦

ጥያቄዎ ተገቢ ነው፤ ይሁን እንጂ ከሕጉ በፊት ስለ አፈሩ መነጋገር ይኖርብናል። የዝቃጭ ግድብ እንደ መስኖ ግድብ በአንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚያልቅ ግንባታ አይደለም። ማዕድን ማውጫው ሥራ ላይ እስካለ ድረስ በየጊዜው አናቱ ከፍ ይደረጋል፤ በእነዚያ ዓመታት ውስጥ ባለቤቱ ሊለወጥ፣ ንድፉን ያወጣው መሐንዲስ ጡረታ ሊወጣ፣ የመጀመሪያው የመሠረት ጥናትም የገባበት ሊጠፋ ይችላል። ግድቡን ከፍ ለማድረግ እጅግ ርካሹ መንገድ ደግሞ እያንዳንዱን አዲስ እርከን ወደ ኩሬው በኩል እያስገቡ፣ ቀድሞ በተደፋው ዝቃጭ ላይ መሥራት ነው። እንዲህ የተሠራ ግድብ የሚያርፈው ተጠቅጥቆ በጠነከረ አፈር ላይ ሳይሆን ውኃ ባዘለ ልል ዝቃጭ ላይ ነው። በዝቃጩ ቅንጣቶች መካከል ያለው ውኃ ማምለጫ ሲያጣና ግፊቱ ሲጨምር፣ ጠጣር ይመስል የነበረው ነገር በቅጽበት እንደ ፈሳሽ ይሆናል።

የብሩማዲኞው ግድብ ከ1976 ጀምሮ በዚህ ዘዴ 86 ሜትር ድረስ ያደገ ነበር። አደጋውን የመረመረው የባለሙያዎች ቡድን ያገኘው ነገር ለእርስዎ ጥያቄ ቀጥተኛ መልስ ይሰጣል ብዬ አምናለሁ፦ ግድቡ ቁልቁለቱ የበዛ፣ በውስጡ ያለው ውኃ ከፍ ያለ፣ ውኃውን የሚያስወጣ በቂ ማንጠፍጠፊያም የሌለው ነበር፤ ሆኖም ከመደርመሱ በፊት መሣሪያዎቹ ለማስጠንቀቂያ የሚበቃ እንቅስቃሴ አላሳዩም። ከዚያ በኋላ የግድቡ ፊት ከአሥር ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ወረደ፤ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ደግሞ 9.7 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ዝቃጭ ወጣ። የማዕድኑ ሠራተኞች ምሳ የሚበሉበት አዳራሽ ከግድቡ በታች ነበር።

እንግዲህ አንዳንድ ግድብ ቀስ በቀስ እየጎበጠ ሳይሆን ቀጭ ብሎ እንደሚሰበር እንጨት ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ ግድብ መሣሪያ መጨመር ከልብ ማጽናኛ አያልፍም። መደረግ የሚገባው ዝቃጩ ፈሳሽ ቢሆን እንኳ ግድቡ እንዲቆም አድርጎ መንደፍ፣ ያ የማይቻል ከሆነም ከሥሩ ሰውን ማንሳትና ግድቡን ማፍረስ ነው። ቺሊ እ.ኤ.አ. በ1965 በመሬት መንቀጥቀጥ የተነሣ የኤል ኮብሬ ግድቦች ተደርምሰው ከ200 በላይ ሰዎች ካለቁ በኋላ፣ በ1970 ይህን የግንባታ ዘዴ ከልክላለች። ብራዚል ተመሳሳይ ክልከላ በሕግ ያወጣችው በ2020 ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው።

የሕግ ሰው፦

በግድብ ሠሪ አስተያየት ብዙውን እስማማለሁ፤ ግን ነገሩን ወደ አፈር ብቻ መመለሱ ለኩባንያዎቹ ምቹ ማምለጫ ይሆናል ብዬ እሰጋለሁ። ቁልቁለቱ መብዛቱ፣ የውኃው ከፍታና የማንጠፍጠፊያው ማነስ በአንድ ሌሊት የተፈጠሩ ነገሮች አይደሉም። ምስክር ወረቀቱን የሰጠው ድርጅት ክፍያውን የሚያገኘው ከሚመረምረው ኩባንያ ነበር። ምስክሩን የሚቀልበው ተከሳሹ ከሆነ ከምስክርነቱ ምን ይጠበቃል?

ከአደጋው በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በኦገስት 2020፣ የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራም፣ ዓለም አቀፉ የማዕድንና ብረታ ብረት ምክር ቤትና የኃላፊነት ኢንቨስትመንት መርሆዎች የተባለው የባለሀብቶች ተቋም ተባብረው ስለ ዝቃጭ አያያዝ ዓለም አቀፍ ስታንዳርድ አውጥተዋል። 77 መስፈርቶች አሉት። ከሁሉም የሚበልጥብኝ የሰው ስም እንዲጻፍ ማድረጉ ነው፦ ለግድቡ ደኅንነት በቀጥታ ተጠያቂ የሚሆን ከፍተኛ ኃላፊ፣ ለግድቡ ንድፍና ግንባታ ኃላፊነት የሚወስድ መሐንዲስ፣ ከዚህም ሌላ ነጻ የግምገማ አካል እንዲኖር ያዛል። የምክር ቤቱ አባላት ቢደረመሱ እጅግ የከፋ ጉዳት የሚያደርሱትን ግድቦች እስከ ኦገስት 2023፣ የቀሩትን እስከ ኦገስት 2025 ከስታንዳርዱ ጋር እንዲያስማሙ ቃል ገብተው ነበር። ነገር ግን ስታንዳርዱ ሕግ አይደለም፤ አባል ያልሆነን ኩባንያ ብዙም አይነካም፤ «ነጻ» የተባለውንም ገምጋሚ የሚቀጥረው ያው ኩባንያ ነው። በእኔ እምነት ኩባንያው የምርመራውን ወጪ ለተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት መክፈል፣ መርማሪውን መምረጥ ደግሞ የመሥሪያ ቤቱ ሥልጣን መሆን አለበት።

ሌላው ክፍተት «ይህ የእኔ ሥልጣን አይደለም» የሚባልበት ቦታ ነው። በደቡብ አፍሪካ ያገርስፎንቴን የተባለው አሮጌ የአልማዝ ማዕድን ዝቃጭ ግድብ በሴፕቴምበር 2022 ሲደረመስ፣ የማዕድን ሚኒስቴሩ እ.ኤ.አ. በ2007 የተሰጠን የፍርድ ቤት ውሳኔ ጠቅሶ ቦታው በእርሱ ቁጥጥር ሥር እንዳልነበረ ተናገረ። ድሮ የተደፋን ዝቃጭ እንደገና ማጣራት በሕጉ ዓይን ማዕድን ማውጣት አልነበረም። ለግድቡ ክብደት ግን የሕግ ትርጉም ምንም አልለወጠለትም።

ጠያቂ፦

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። አንድ ልጨምር። እኔ የምደርሰው ሰነድ ላይ ብቻ ነው፤ ግድቡን አላየውም፣ ስሌቱንም መፈተሽ አልችልም። አራት መቶ ገጽ ሪፖርት ጠረጴዛዬ ላይ ሲቀመጥ መጀመሪያ ምን ልፈልግ?

የፈረቃ ሠራተኛ፦

እኔ የምመልሰው ከጭቃው ሆኜ ነው። ለበርካታ ዓመታት በአንድ ግድብ ላይ ንባብ መዝጋቢ ነበርኩ። ፒዞሜትር የሚባለው መሣሪያ፣ ቢያንስ እኛ ዘንድ የነበረው ዓይነት፣ ወደ ግድቡ ውስጥ የተቀበረ ቀጭን ቱቦ ነው፤ ጫፉ ውኃ ሲነካ የሚጮህ ሜትር ወደ ውስጥ ይለቀቅና ውኃው በስንት ጥልቀት ላይ እንዳለ ይነበባል። ሥራውን ስረከብ በደቡብ በኩል ያለው አንድ ቱቦ በመዝገቡ ላይ ለአሥራ አንድ ወራት በተከታታይ «ደረቅ» ተብሎ ተጽፎ ነበር፤ በሪፖርቱም ላይ አረንጓዴ ቀለም ተሰጥቶታል። ደረቅ ማለት ጥሩ ማለት ነውና ማንም አልጠየቀም። አንድ ቀን ከግድቡ ግርጌ አፈሩ ረጥቦ ሳር ማብቀሉን አየሁና ነገሩ አልዋጥልህ አለኝ። ግማሽ ባልዲ ውኃ ወስጄ ቱቦው ውስጥ ጨመርኩ። የቱቦው ጫፍ ንጹሕ ቢሆን ኖሮ ውኃው ወደ ግድቡ ሰርጎ ቀስ በቀስ ይወርድ ነበር። በማግስቱ ብመለከት አንዲት ጣት እንኳ አልወረደም። ቱቦው ተደፍኖ ስለነበር ለአሥራ አንድ ወራት የተነበበው የግድቡ ውኃ ሳይሆን የተደፈነ ቱቦ ነበር።

አዲስ ቱቦ ሲቀበር ውኃው ከታሰበው በላይ ከፍ ብሎ ተገኘ። እንደ እኔ አስተያየት ዋናው ነገር የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ለአለቃዬ ነገርኩ፤ አለቃዬ ለምርት ክፍል ጻፈ፤ ምርት ክፍል የወሩ ኮታ እስኪሞላ እንጠብቅ አለ፤ ዝቃጩም ለአሥራ ዘጠኝ ቀናት መፍሰሱን ቀጠለ። ማንም ክፉ ሰው አልነበረም። ፓምፑን የማቆም ሥልጣን በጽሑፍ የተሰጠው ሰው ብቻ አልነበረም።

ስለዚህ ሰነድዎን ሲከፍቱ የመደምደሚያውን ምዕራፍ ተዉትና የንባብ ሠንጠረዡን ይፈልጉ። ለወራት ያልተለወጠ ቁጥር ወይም «ደረቅ» የሚል ቃል ሲደጋገም ካዩ መሣሪያው መቼ እንደተፈተሸ በጽሑፍ ይጠይቁ። በኩሬው ውኃና በግድቡ አናት መካከል ሊኖር የሚገባውን ባዶ ከፍታም ዝናብ በበዛበት ወር ምን ያህል እንደነበር ይመልከቱ፤ እ.ኤ.አ. በ1994 ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ሜሪስፕሩት በተባለ ሰፈር 17 ሰዎች የሞቱት ከከባድ ዝናብ በኋላ ውኃ በግድቡ አናት ላይ ፈስሶ ነው። ከዚያ ቀጥሎ የአደጋ ጊዜ ዕቅዱን ያውጡ። ውኃው የተወሰነ ቁጥር ላይ ሲደርስ ማን ምን እንደሚያደርግ ተጽፏል? «ለሚመለከተው አካል ይገለጻል» የሚል ብቻ ከሆነ ሰነዱን መልሱ። እኛ ዘንድ በመጨረሻ የተጻፈው ዓረፍተ ነገር አጭር ነበር፦ ንባቡ ከቀዩ መስመር ካለፈ የፈረቃው ተረኛ ማንንም ሳያስፈቅድ ፓምፑን ያቆማል፤ ስላቆመም አይጠየቅም። በተጻፈ በሦስተኛው ወር አንድ ተረኛ ሌሊት ላይ አቆመው። ሲጣራ ስህተቱ የሜትሩ ነበር፤ ወፍጮው ስድስት ሰዓት ያለ ሥራ ቆመ። ልጁ ግን በማግስቱ እንደወትሮው ሥራ ገባ።