ልጄን ይዤ ቱሉ ዲምቱ ነኝ፣ ክኒኗ ሊያልቅ ነው

የቨርጂንያ እናት፦
ሰላም ለሁላችሁ። የ19 ዓመት ልጄን ይዤ ከመጣሁ ሁለት ወር ሊሞላኝ ነው። ያረፍነው ቱሉ ዲምቱ፣ እህቴ ኮንዶሚኒየም ነው። ልጄ ኮሌጅ አቋርጣ ክፍሏን ዘግታ ስለነበር፣ ከአያቷ ጋር ብትውል ይሻላታል ብዬ ነበር። ሐኪሟ ያዘዘላት ሰርትራሊን (የድብርት መድኃኒት) 11 ፍሬ ቀርቷል። እህቴ "ይሄን ክኒን ተይውና እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ጸበል እንውሰዳት" ትለኛለች። ልጄ አታናግረኝም። ውኃ የመጣ ቀን ብቻ ወጥታ ጀሪካኑን ትሞላልኛለች፣ ከዚያ በሩን ትዘጋለች። የት ላሳያት? ቪዛዋም የ90 ቀን ነው።

ነርስ ከሜሪላንድ፦
እህቴ፣ በድንገት እንዳታቋርጥ! ራስ ያዞራል፣ እንቅልፍ ይነሳል፣ ሕመሙም ሊመለስ ይችላል። መቆም ካለበት ቀስ በቀስ የሚቀንሰው ሐኪም ነው። ከአማኑኤል ሆስፒታል ሌላ ጳውሎስና የካ ኮተቤም የአእምሮ ሕክምና አላቸው። የመድኃኒቱን ማዘዣ ይዘሽ ሂጂ። የአሜሪካ ሐኪሟ በቪዲዮ ትከታተላት እንዳትይ፣ ፈቃዳቸው በየስቴቱ ስለሆነ አብዛኞቹ ውጭ ያለን ሰው አያክሙም። 18 ስላለፋት ፋይሏ እንዲላክልሽ ከፈለግሽ የምትፈርመው ራሷ ናት።

ሰበታ የቀረሁት፦
እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና እኔ በልጅዎ ቦታ ነበርኩ። በ9 ዓመቴ አሜሪካ ለእናቴ ሆስፒታል አስተረጎምኩ። ሐኪሙ ከጡቷ ናሙና ሊወስድ ነው። ቃሉን በአማርኛ አላውቀውም። "ሥጋሽን ሊቆርጡ ነው" አልኳት። ስታለቅስ እኔ ያመምኳት መሰለኝ። ሆስፒታሉ በነፃ አስተርጓሚ ማቅረብ እንዳለበት፣ ልጅ እንዲያስተረጉም ማድረግ እንደሌለበት ያወቅኩት ካደግኩ በኋላ ነው። በ17 ዓመቴ "ለዕረፍት ነው" ብለው ሰበታ አምጥተውኝ ስምንት ወር ቆየሁ። ፓስፖርቴ አጎቴ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፎ ነበር። የልጅዎ ፓስፖርት ማን ጋ ነው?

አባት ከሲያትል፦
አንተ ልጅ፣ እናትህን በአደባባይ አትክሰስ። እኔ አሥር ዓመት ሌሊት ሌሊት ፓርኪንግ ሠርቻለሁ። ቀን ታክሲ። ለታናናሾቼ ትምህርት ቤት፣ ለእናቴ ኩላሊት በየወሩ ልኬያለሁ። መርዶዋን የሰማሁት በስልክ ነው፣ መኪናዬ ውስጥ። ሰዓቴ ስለደረሰ ፊቴን ታጥቤ ሥራ ገባሁ። እኔን "ደህና ነህ ወይ?" ያለኝ ማን ነው?

ሰበታ የቀረሁት፦
ጋሼ፣ እኔ ልልዎት እችል ነበር። ልጆችዎም እንደዚያው። ግን መርዶዎን ነግረዋቸዋል?

አባት ከሲያትል፦
ልጅ ላይ ኀዘን አይጫንም። እንዲህ ነው ያደግነው።

ዲያቆን፦
ጸበል መድኃኒት አቁሙ አይልም። እናቴ ሁለቱንም ይዛ ነው የዳነችው። ክኒኗን ከቁርስ በኋላ እኔው ነበርኩ የማቀብላት። እህትዎን እንዲህ ይበሏቸው።

አንድ አባል፦
ለቪዛው ቢጫ ካርድ (የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ) አውጪላት፣ በየጊዜው ማሳደስ ይቀርልሻል።

ነርስ ከሜሪላንድ፦
ቢጫ ካርዱ ይቆይ። አሁን የሚያስቸኩለው ክኒኑ ነው። ሌላው ደግሞ፣ ራሷን ስለመጉዳት ታስብ እንደሆነ በግልጽ ጠይቂያት። መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣባትም። አዎ ካለችሽ ብቻዋን አትተያት፣ ቀጠሮ ሳትጠብቂ ዛሬውኑ ሆስፒታል።

የቨርጂንያ እናት፦
ፓስፖርቷ እኔ ቦርሳ ውስጥ ነበር። እንዳይጠፋ ብዬ ነው፣ እግዜር ያውቃል። ዛሬ ጠዋት አልጋዋ ላይ አስቀመጥኩላት። ገልጣ ፎቶዋን አየች። ነርሷ እንዳለችው ጠየቅኳት። "እንደዛ አይደለም እማ፣ ደክሞኝ ነው" አለችኝ። በሩን አልዘጋችውም። አሁን ዘጠኝ ፍሬ ነው የቀረው። የካ ኮተቤ ያለ ሪፈር ይቀበላሉ? በቅርብ የሄደ ሰው ካለ ንገሩኝ።